የአዳራሹ በርና የእትዬ ሸዋረገጥ ሰላምታ

ሰኞ ጠዋት እትዬ ሸዋረገጥ ከትንቢት ጋር ወደ ገበያ ሲወርዱ ወደ ደዶ የሚሄደው ሚኒባስ መነሻ ላይ አንድ ሽማግሌ አይተው ቆም አሉ። ትናንት በአዳራሹ በር፣ ዝናቡ ውስጥ፣ የሰልፉ መጨረሻ ላይ የነበሩት ሰው ናቸው።

እትዬ ሸዋረገጥ በቾ ቦሬ ሰፈር ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ የሙዚቃ አዳራሽ በር ላይ ቲኬት መሸጥ ከጀመሩ አሥራ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። የሰውን ጤና፣ ልጆቹን፣ ከብቱን ሳይጠይቁ ብሩን መቀበል ለእሳቸው ነውር ነው። የባለቤቱ ልጅ ትንቢት፣ ኮሌጅ የጨረሰችው፣ "በሩ ይፍጠን እንጂ" ባለቻቸው ቁጥር "አንቺ ሰውን እንደ ቡና ጆንያ ቆጥረሽ አስገቢ" ይሏታል።

"አከም ቡልተን፣ አባቴ። ትናንት ገቡ?"

"አልሃምዱሊላህ፣ ደህና አድሬያለሁ። አልገባሁም። ተራዬ ሲደርስ ሰው እየወጣ ነበር።"

"ማንን ሊሰሙ ኖሯል?"

"ሱፊያንን። ክራር የሚመታው ልጄ ነው። ሥራውን ስለማልወድለት አምስት ዓመት ሲለምነኝ መጥቼ አላውቅም። ትናንት እሺ ብዬ መጣሁ። ዛሬ ጎህ ሲቀድ አኩርፎኝ አዲስ አበባ ሄደ። በሩ ላይ ነበርኩ ብዬ ብነግረው አላመነኝም።"

"ምነው ታዲያ ሰልፉን ትተው ወደ እኔ አልመጡም?"

"ከሰው ጋር እየተጫወቱ ነበር። ለማቋረጥ አፈርኩ።"

ሌላውን "ነውር ነው" እያሉ ሐፍረት ሲያድሉ የኖሩ ሴት፣ ሐፍረቱ ለራሳቸው ሲደርሳቸው መያዣው ጠፋቸው።

"ይደውሉለት። እኔ ልንገረው።"

ስልኩን ተቀብለው ነገሩት፤ "ያስቀረሁት እኔ ነኝ" አሉት። ሱፊያን "አባቴ ምን ያህል ቆመ?" አለ።

"ሁለት ሰዓት ሙሉ" ብለው ስልኩን መለሱ።

ሚኒባሱ ሽማግሌውን ይዞ ከሄደ በኋላ ትንቢትን ሳያዩ "እስቲ ስለ በሩ ያልሽኝን ያንን ነገርሽን ድገሚው" አሏት።

"ስልክ ያለው ቀድሞ በስልኩ ይክፈል፣ እትዬ። በር ላይ እጁን ማህተም መትተው ያሳልፉት። ሌላው በሌላ ሰልፍ ይምጣ፤ መግቢያውም ድፍን መቶ ብር ይሁን፣ ዝርዝር ፍለጋ እንዳንቆም።"

"ስልኩ ላይ የተጻፈውን በምን አውቀዋለሁ? ፊደል አልቆጠርኩም። ይኸው ነገርኩሽ፤ ሳቂ።"

"አልስቅም። ስልኩን እኔ አያለሁ፣ እርስዎ ማህተሙን ይምቱ።"

"ሰላምታውስ? ሰውን ዝም ብዬ ላሳልፈው?"

"ገብቶ ሲቀመጥ ይጠይቁት። ዝናብ እየመታው ስለ ከብቱ የሚጠየቅ ሰው እንደተከበረ አያውቅም።"

"እንደተሰደበ ነው የሚቆጥረው በይኛ።"

"እርስዎ ነዎት ያሉት።"

በሳምንቱ እሁድ ሱፊያንን የተካው ልጅ ክራሩን ቃኝቶ ሳይጨርስ ሰልፉ አለቀ። ዝናብ የመታው የለ፣ ታክቶት የተመለሰ የለ፤ ዘፋኞቹም ለባዶ ወንበር አልዘፈኑም። እትዬ ሸዋረገጥ በየወንበሩ ዞረው የሰውን ጤና ጠየቁ፤ ሰውም ሳይቸኩል መለሰላቸው። ከዚያ ግድግዳ ተደግፈው፣ በአሥራ ሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የመጀመሪያውን ዘፈን ከመነሻው ሰሙ። ደስ ይል ነበር። ያሳፈራቸውም ደስ ማለቱ ነው፤ ስንቱን ሰው በር ላይ አቁመው ከዚህ አስቀርተውት ኖሯል፤ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው፣ መሬት መሬቱን እያዩ አዳመጡት።