ሃያ ትርጓሜ ለአንድ የአውቶቡስ በር

በቦነስ አይረስ ከእኔ የሚስተካከል የአውቶቡስ ሹፌር ተወልዶ አያውቅም፤ ይህንንም የምለው ራሴን ዝቅ አድርጌ ነው። ታዲያ እኔው ኦስቫልዶ፣ ቦኤዶ ፌርማታ ላይ የከፈትኩትን በር መዝጋት አቃተኝ። ተሳፋሪ ይጮኻል፣ እጄ አልታዘዝ ይለኛል። መሥሪያ ቤቴ አሥራ ሁለት ቀጠሮ በንግግር የሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምና ፈቀደልኝ፤ ከዚያ በኋላ ካልነዳሁ ስንብት ነው።

ስምንተኛው ቀጠሮ ካለቀ በኋላ ሐኪሜን ዶክተር ግሪንፌልድን ሻይ ቤት ውስጥ ሳላስበው አገኘኋቸው። የቀድሞ ተማሪያቸው ዶክተር ሉክሬሲያም አብራቸው ነበረች።

«ሕክምናው እንዴት ይዞዎታል?» አለችኝ።

«ግራ አጋብቶኛል፣ እመቤቴ! ባቡር መንገድ ዘግቶብኝ ባረፍድ ‹በእኔ ተቆጥተህ ነው› ይሉኛል። በሰዓቱ ብደርስ ‹ፈርተኸኝ ነው።› ባስነጥስ ‹ልታባርረኝ ነው።› በአንድ ሰዓት አራት መቶ ትርጓሜ!»

«ቢበዛ ሃያ ነው» አሉ ዶክተሩ እየሳቁ።

«ሃያውስ ለማን ይበጃል፣ ዶክተር?» አለች ሉክሬሲያ። «ለጥናት በድምፅ የቀዳናቸውን የብዙ ሐኪሞች ቀጠሮዎች አዳምጫለሁ። ሐኪሙ ነገሩን ሁሉ ወደ ራሱ በጎተተ ቁጥር ታካሚው ዝም ይላል፤ እሱ ዝም ሲል ሐኪሙ ይጨምራል።»

«ምናልባት ብዙ እንድንናገር የሚያደርገን የባሰበት ታካሚ ይሆናላ!» አሉ ዶክተሩ።

«ሊሆን ይችላል፤ የትኛው እንደሚቀድም እኔም አልለየሁም። ግን ከሃያው ይልቅ የሰውዬውን ሕመም በትክክል ያገኘች አንዲት ቃል ስትረዳ አይቻለሁ።»

«ልጄ፣ ዝም ካልኩማ ደመወዜን በምን ልብላ?»

«በመስማት።»

እኔ ማን እንደረታ ሳይገባኝ የሁለቱንም ኬክ በላሁ።

በዘጠነኛው ቀጠሮ ዶክተሩ ዝም አሉ። ሙሉ ዘመን የሚያህል ዝምታ! ጭንቅ ብሎኝ ስለ ወንድሜ ስለ ሩቤን ቀባጠርኩ፤ በእናታችን ቤት ውርስ ተጣልተን ቦኤዶ ላይ ከአውቶቡሴ ወረደ፣ በሳምንቱም ሞተ።

«በሩን የማትዘጋው» አሉ ቀስ ብለው «ተመልሶ እንዲሳፈር ነው።»

ሌላ ቃል አልጨመሩም። ወንዝ የሚሞላ እንባ አለቀስኩ።

እንግዲህ ሐኪሞች ሆይ፣ ጊዜው ሲያጥር ቃላችሁም ይጠር፤ ታካሚው የራሱን አፍ ያገኛል፣ እናንተም ሕመሙን ታገኛላችሁ፣ እንጀራውም ይተርፋል። በዶክተር ግሪንፌልድ ዘንድ ዛሬ ልማዱ ይኸው ነው።

ከአሥራ ሁለተኛው ቀጠሮ ማግስት ነዳሁ። ቦኤዶ ላይ ከፈትኩ፤ ትንሽ ጠበቅሁ፤ ዘጋሁ። ዶክተሩ ሊያዩኝ ተሳፍረው ከፊተኛው ወንበር ተቀምጠው ነበር። አፋቸውን ከፈት አደረጉ፣ ፊቴን አዩ፣ መልሰው ዝም አሉ።