እጅ አጣጥፎ መርዳት

ልብስ ሰፊዋ ክር ልትገዛ በሯን ስትከፍት፣ አንዲት ቀጭን ወጣት ወረቀት ታቅፋ ደረጃው ላይ አጋጠመቻት። እግዜር ደንበኛ ላከልኝ ብላ ሰላምታዋን እንኳ ሳታስጨርስ ጎትታ አስገባቻትና ሜትሩን ወገቧ ላይ ጠመጠመች።

«ስልሳ ሁለት! ምነው ልጄ፣ እናንተ ቤት እህል አይበላም?»

«እትዬ፣ እኔ እንኳ ልብስ ላሰፋ አልመጣሁም። ከድጋፍ ማዕከሉ ነኝ። ስለ ልጅዎ ጉዳይ…»

ሜትሩ ላላ፤ ፊቷ ግን ጠበቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድያ ልጇ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ወልዳ፣ ትምህርቷን ጥላ እናቷ ጓዳ ከተቀመጠች ዓመት ሊሞላት ነው። ማዕከሉ እንደ እሷ ላሉ ወጣት እናቶች ክፍል ይሰጣል፤ ቁልፉ የራሳቸው፣ የሕፃናት ማቆያው ምድር ቤት፣ ትምህርት ቤቱ ከመንገዱ ማዶ። ለልጅቷ ክፍል ተገኝቷል። የእናቷ ፊርማ እስከ ዛሬ ቀትር ካልደረሰ ግን ለሌላ ተረኛ ይሰጣል።

«አልፈርምም!» አለች ልብስ ሰፊዋ። «የወለደችውን ማጠብ የማትችል በምን አቅሟ ቤት ትመራለች? የማጥበው እኔ፣ የማበላው እኔ፣ የማስተኛው እኔ!»

«ታዲያ እሷ መቼ ትልመደው?»

«ሲደርስ!»

«እርስዎ ይህን የስፌት መኪና እንዴት ለመዱት?»

«እየረገጥኩ ነዋ! ሁለቴ ጣቴን በስቶኛል።»

«እናትዎ ጣቷን ይወጋታል ብለው ከልክለውዎት ቢሆንስ?»

ልብስ ሰፊዋ ካውያዋን አነሳች። የተተኮሰውን ሸሚዝ እንደገና ተኮሰችው።

«እናንተስ ብትሆኑ! ባለፈው ያቺ ባልደረባሽ መጥታ ሁለት ሰዓት ሙሉ እጇን አጣጥፋ ወንበሬ ላይ ተጎልታ ሄደች። ሳፋ እንኳ አላነሳችም። እንዲህ ያለ እርዳታ የት አገር ነው ያለው?»

«ሥራችን እሱ ነው እትዬ፤ እጅ ማጣጠፍ። አንድ አእምሯቸው ዘገም ያለ ሰው አሉን። የጫማቸውን ክር ዕድሜ ልካቸውን እህታቸው ነበሩ የሚያስሩላቸው። እኛ አጠገባቸው ተቀምጠን ሦስት ወር ጠበቅን። ዛሬ ራሳቸው ያስራሉ።»

«ክር ማሰር ያቃተውን ሰው አንቱ ትይዋለሽ?»

«አርባ አምስት ዓመታቸው ነዋ! ምን ልበላቸው?»

ልብስ ሰፊዋ ትንሽ አፈረች፤ ግን እጅ አልሰጠችም። «ለመሆኑ በደንብ ያስራሉ?»

«አንዳንዴ የግራውን ከቀኙ ጋር ያስሩታል።»

«ይኸው!»

«ግን ራሳቸው ይፈቱታል።»

በዚህ መሐል ከጓዳ ጩኸት ተሰማ። ድንቡሼ የሚሉት ሕፃን የሾርባ ሳህኑን አናቱ ላይ ደፍቶ፣ ልጅቷ አቅፋው ወጣች። አያት ወደ ሳፋው ተወረወረች።

«ይቀመጡ እትዬ» አለች ወጣቷ። «ዛሬ ልጅዎ ትጠበው። ክፉ ነገር ካዩ አይፈርሙ፤ እኔም ወረቀቴን ይዤ እሄዳለሁ።»

«እሺ!» አለች፣ እንደምትረታ ቅንጣት ሳትጠራጠር። ተቀምጣ እጇን አጣጠፈች። «ውኃው እንዳይ…»

«ምላስም ይጣጠፋል።»

እልኸኛዋ ሴት የቀሚስ ዘርፍ አጥፋ ስትይዝ እንደምታደርገው ሰባት ስፒል በከንፈሯ ነከሰች። በዚያ አፍ ማንም አይናገርም።

ልጅቷ ቀዝቃዛውን አስቀድማ ሙቁን ጨመረች፣ ክርኗን ነከረች። «ምምም!» አለ ወንበሩ። ዞርም ሳትል ጥቂት ቀዝቃዛ ደገመችበት። ድንቡሼ ውኃውን በጥፊ ሲለው ሳሙናው ከእጇ አፈትልኮ ከስፌት መኪናው ሥር ገባ። የአያት መቀመጫ ከወንበሩ ተነሣ። አሁን ልጅቷ ሕፃኑን ለቅቃ ሳሙናውን ልትከተል ነው! ይህን ነበር ስትፈራ የኖረችው።

ልጅቷ ግን ከብብቱ ያስገባችውን እጇን አልፈታችም። «እማዬ፣ ሳሙናውን በእግርሽ ግፊልኝ» አለች።

ገፋችላት። ሕፃኑ ከተወለደ ጀምሮ አያት ተጠይቃ ስታግዝ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ሳትጠየቅ ስትቀድም፣ የሚጠይቃት ከየት ይምጣ!

ሕፃኑ በፎጣ ሲጠቀለል ስፒሎቹን አንድ በአንድ አወጣች።

«ከጆሮው ኋላ አላጠብሽውም።»

«አጥቤዋለሁ። እዪው!»

አየችው። ጠራ ያለ ነው። ሌላውንም ጆሮ አየች።

«በይ ብዕሩን አምጪ» አለች ወጣቷን፣ የተቀየመች መስላ። ፊደሎቹን እንደ ስፌት አጠጋግታ ፈረመች። «ከእንግዲህ እኔስ ምን ልሥራ?»

«ሲጠሩዎት ይሂዱ።»

ልጅ ማዘል ደግ ነው፤ ሁልጊዜ የታዘለ እግር ግን አይጠነክርም። አሁን ልጅቷ ጠዋት ትምህርት ቤት ገብታ ትማራለች፣ ከሰዓት ልጇን ተቀብላ ራሷ ታበላዋለች። አያትም ዓመት ሙሉ ያሳደረችውን የደንበኛ ልብስ ጨረሰች፤ ወገቧም ዐረፈ። በወሩ ልትጠይቃቸው ማዕከሉ ሄዳ እንደ ልማዷ በሩን ገፋ ብታደርገው ተቆልፏል። አንኳኳች።

«ቆይ እማዬ! ድንቡሼን እያለበስኩት ነው።»

አንዲት ኮሪደር የምትወለውል ሴት ቀና ብላ «ምነው፣ ልጅዎ በር ዘጋችብዎ?» አለቻት።

«ቤቷ ነዋ!» አለች ልብስ ሰፊዋ ደረቷን ነፍታ። «እንደ ጓዳዬ ዘው ልበልባት?»