መጥረጊያ የከለከለው ሥር

ጡረታ የወጡት አናጺ ልጃቸው ቤት ሦስት ቀን ሰንብተው እኩለ ቀን ላይ ሲመለሱ፣ የጓሯቸውን በር እንደከፈቱ ክው ብለው ቀሩ። በየማለዳው ጠርገው አንዲት ቅጠል የማያስቀሩበት የአትክልት መደብ ድርቆሽ ለብሷል። እርሻ ተምራ የመጣችው የጎረቤት ልጅ ደግሞ ሌላ እቅፍ ይዛ ቆማለች።

«ልጄ፣ ምን በድዬሽ ነው?» አሉ።

«እማማ ናቸው ያስገቡኝ። አፈሩ ራቁቱን በፀሐይ ሲቃጠል በአጥር በኩል ሳየው አላስቻለኝም፣ አባባ።»

በድንጋጤያቸው አይፈረድም። ሥሩ የሚበላውን ሴለሪ ሦስት ጊዜ ተክለው፣ ሦስት ጊዜም ከአውራ ጣት የማይበልጥ ሥር ነቅለዋል። ባለቤታቸውም ተስፋ ቆርጠው የመጀመሪያውን ከረጢት ሲሚንቶ አስመጥተዋል፤ አሁን መደቡ ላይ ያለው አራተኛውም ካልያዘ ጓሮው በሲሚንቶ ይለበጣል። አናጺው ደግሞ ከሥራ ከወጡ ወዲህ የቀራቸው ደስታ ይኸው መደብ ነው።

«አባቴም መደቡን እየጠረገ ነው ያበቀለው» አሉ።

«ምን ነበር የሚያበቅሉት?»

«ቃሪያ።»

«ቃሪያማ ሙቀት ይወዳል። ይኼ ቅዝቃዜና እርጥበት ነው የሚፈልገው። እስቲ እጅዎን እዚህ ያሳርፉ።»

ድርቆሹ ያልደረሰበትን ጫፍ ነኩ፤ አፈሩ ፈጃቸውና እጃቸውን ሰበሰቡ። ሌላው ጋ ድርቆሹን ገለጥ አድርጋ አስነካቻቸው። አፈሩ ቀዝቃዛ ነው፣ እርጥብም ነው።

«ከሄዱ ጀምሮ አንዴ ብቻ ነው ያጠጣሁት» አለች።

አናጺው መደቡ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። በቀን ሁለቴ ውሃ ሲያመላልሱ ኖረዋል። «ታዲያ በገዛ እጄ ነው ስገድለው የኖርኩት በይኛ።»

«አላወቁም፣ አባባ። አሁንም እንደ ድንች አፈር አያስታቅፉት፤ አንገቱ ብቅ ይበል። ከላይ የሚወጡትን ቀጫጭን የጎን ሥሮች ያንሱለት። ከሰዓት በኋላ አሮጌ አንሶላ ለጥላ ይወጠርለት።»

«የኔን አንሶላ?» አሉ ባለቤታቸው ከበሩ ላይ። ወዲያው ግን የተቀደደውን ይዘው መጡ።

መጥረጊያውን ማስቀመጥ ለአናጺው ቀላል አልነበረም። አንድ ሳምንት ሙሉ እጃቸው ሥራ ፈትቶ፣ ሰው ምን ይለኛል እያሉ ተብሰለሰሉ። ንጽሕና ለቤት ወለል እንጂ ለአትክልት ሥር እንዳልሆነ የገባቸው ቀስ በቀስ ነው። ውሃው በሁለት ቀን አንዴ በቃ፣ አረሙ ጠፋ፣ የበሰበሰው ድርቆሽም አፈሩን አለሰለሰው።

በአምስተኛው ወር የመጀመሪያውን ነቀሉ። ሁለት እጅ የሚሞላ፣ ጠጉራም፣ መልከ ጥፉ ሥር ነበር። አናጺው አገላብጠው አዩት፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«አንተ ሰውዬ፣ ወዲህ በል እንጂ» አሉ ባለቤታቸው ቢላዋ ይዘው። ሲሚንቶው ዝናብ መትቶት ከነከረጢቱ ድንጋይ ሆኗል። እሱ ላይ ተቀመጡና ሥሩን መላጥ ጀመሩ።