በዒድ ቀን የተፈረመ ዘይት

አካም ጂርታ ኢዘዲን፣ ነጋዳ? ግባ፣ ግባ... እዚህ ሣጥኑ ላይ ተቀመጥ። የጊኒር መንገድ እንዴት ነበር? አቧራው ቅንድብህ ላይ ተቀምጧል እኮ! እናትህስ፣ ጉልበታቸው ተሻላቸው? አልሐምዱሊላህ። ሮቤማ ይኸው ብርዱን ለቆብናል፤ ጠዋት ጠዋት የቶርኖው እጀታ ራሱ እጅ ይቆነጥጣል።

አምጣ እስቲ የማርሽ መቁረጫ ካተሮቹን። ኧረ ኢዘዲን! ጥርሳቸው አልቆ የለም እንዴ? በዚህ ብረት ስትቆርጡ ነው የከረማችሁት ወይስ ስታሹት? ግድ የለም፣ ከምሳ በፊት ስዬ እሰጥሃለሁ። የካተር መሳያ ማሽናችን ዛሬ ደህና ናት። ደህና መሆኗ የአላህ ሥራ ነው... ማለቴ፣ የአንድ ሰው ድካም ነው።

ማን ነው አትበለኝ። ስም ከጠራሁ ሐሜት ይሆናል፤ እኔ የማወራው ምስጋና ነው። የቢሮው በር ገርበብ ብሏል? ተወው፣ ምስጋናን ምን ያስደብቀዋል? ድምፄ ከበዛ ግን ይቅርታ አድርግልኝ፤ ሃያ ዓመት ከማሽን ጋር ስጮህ ኖሬ ነው።

ኦቦ ጉሉማን ታስታውሳቸዋለህ አይደል? ጡረታ ወጥተው ጎባ የገቡትን። በዚች ማሽን መሳል ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጠዋት ሥራ ሳይጀመር የመሳያ ድንጋዩን ብናኝ በጨርቅ ይጠርጋሉ። ጠረጴዛዋ የምትንሸራተትበት ሐዲድ ላይ ቀጭን ዘይት ጠብ ጠብ ያደርጋሉ። ከዚያ ጠረጴዛዋን በአንድ ጣት ገፋ አድርገው፣ «ዙቤዳ፣ ይቺ የምትፈልገው ትንሽ ነው፤ ግን በየቀኑ» ይሉኝ ነበር። ምን ያድርጉ፣ የድሮ ሰው ናቸው... ወረቀት የለ፣ ፊርማ የለ፣ ዘይት ብቻ!

ሥራ በሥርዓት የሆነው አንድ ሰው ከመጡ ወዲህ ነው። አዲስ አበባ ሠልጥነው፣ የምስክር ወረቀታቸውን መስታወት ውስጥ አስገብተው መጡልን። መጀመሪያ የዘይት ቆርቆሮዎቹን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፉ። «ማሽን ዘይት ማጠጣት የባለሙያ ሥራ ነው። ከዛሬ ጀምሮ እኔው ራሴ አደርገዋለሁ» አሉ። አለቃ ሆኖ እንዲህ ዝቅ የሚል ሰው አይተሃል? ከዚያ ግድግዳው ላይ ሠንጠረዥ ለጠፉ። በየቀኑ ፊርማ ነው። አንድ ቀን አልዘለሉም ኢዘዲን! እሁድ ተፈርሟል። የዒድ ዕለት ተፈርሟል... ግቢው ተቆልፎ፣ ዘበኛው ማሜ እንኳ ሰላት ሄዶ! በየት በኩል እንደገቡ እስካሁን ይገርመኛል።

ማሽኗ ናት እንጂ ጥፋተኛዋ። ምስኪን፣ ማንበብ አትችል! የተፈረመላትን ዘይት ከግድግዳው ላይ እያነበበች መጠጣት ነበረባት።

እንግዶች የመጡ ቀን ደግሞ የእኚሁን ሰው ንጽሕና አየነው። ጨርቅ ምን ያደርጋል ብለው የኮምፕሬሰሩን ቱቦ ጎተቱና በነፋስ መቷት። ብናኙ ቡፍ ብሎ ጠፋ። የት ሄደ? እኔ ያልተማርኩት ሴትዮ ሐዲዱ ሥር ገባ እላለሁ። እንግዶቹ አጨበጨቡ፤ እኔም አጨበጨብኩ። ምን ላድርግ?

ከዚያ አጨዳ ደረሰ። የገሰራው ገበሬ ለሚ ኮምባይነሩ ስንዴ መሃል ቆሞበት፣ ጥርሱ የረገፈ ማርሽ ይዞ መጣ። አዲስ ማርሽ ልቆርጥለት ካተሬን ልስል ብል፣ ጠረጴዛዋ ትቆማለች፣ ትዘላለች፣ ትቆማለች፣ ትዘላለች። የካተሩ ጥርስ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር ሆኖ ወጣ። ሰማዩ ደግሞ ጠቁሯል። ለሚ በሩ ላይ ቆሞ አንዴ ደመናውን፣ አንዴ እኔን ያያል። የዓመት ጉሮሮው እኮ ነው!

«ሐዲዱ ደርቋል፤ ይፈታና ይታጠብ» አልኩ። «አይዞሽ ዙቤዳ፣ ለዚህ እኔ አለሁ» አሉኝ። በእውነትም ነበሩ! ለትራክተር የምንሰጠውን ወፍራም ግሪስ በፓምፕ በዘይት ቀዳዳዎቿ ሞሉላት። ቸር ናቸው፣ የትራክተሩን ድርሻ ለእሷ ብቻ... ብናኝ ከግሪስ ጋር ሲቦካ ምን እንደሚሆን አንተ ታውቃለህ። ጠረጴዛዋን ሁለት ሆነን ብንገፋት ወይ ፍንክች! በዚያው ቅጽበት ስልካቸው ጮኸ። ጎባ፣ አስቸኳይ ስብሰባ፣ ሦስት ቀን። ስብሰባ እንዲህ ለሰው ሲደርስለት አይቼ አላውቅም።

እኔም ኦቦ ጉሉማ ዘንድ ደወልኩ። ሽማግሌው በመጀመሪያው ሚኒባስ ከተፍ አሉ። ዘይት ከየት ይምጣ? ቁልፉ ስብሰባ ሄዷል! ከቤታቸው በውሃ ጠርሙስ ይዘው መጥተዋል፣ ይኸን ያህል ያውቁናል። ጠረጴዛዋን አነሳን። ሥሯ ጥቁር ሊጥ ነው። በነጭ ጋዝ አጠብን፤ የዘይት ቀዳዳዎቹን በቀጭን ሽቦ አንድ በአንድ ከፈትን። ሐዲዱ ሲጸዳ ግን ጭረቱ ታየ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ኦቦ ጉሉማ ጥፍራቸውን ጭረቱ ላይ አሳለፉ። «ሠላሳ ዓመት አንድ ጭረት አልነበራትም» አሉኝ። እኔ ፊቴን ወደ ቶርኖው አዞርኩ። ብናኝ ዓይኔ ገብቶ ነው...

በማግስቱ ጠረጴዛዋ በአንድ ጣት ሄደች። ካተሩ ተሳለ፣ ማርሹ ተቆረጠ፣ ለሚ እየሮጠ ወሰደው። ከጫፍ ካለችው ትንሽ ማሳ በቀር ስንዴው ዝናቡን ቀድሞ ገባ።

አንድ ሰውም ከስብሰባ ተመለሱና ሪፖርት ጻፉ። «ማሽኗ በቅርብ ክትትሌ ወደ ሥራ ተመልሳለች» ይላል። ከጎባ ሆኖ የቅርብ ክትትል! ዓይናቸው እንዴት ሩቅ ያያል? የኦቦ ጉሉማ ስም የለም፤ ወረቀቱ ጠቦ ይሆናል። የእኔ እንኳ አለ፣ «ረዳት» ተብዬ። ወላሂ ቅር አላለኝም። እጄ ያቺ ጭረት ላይ ሲያርፍ ብቻ ነው ትንሽ...

ተወው። ዛሬ እኮ የደስታ ቀን ነው! አልሰማህም? ዕድገት መጣላቸው። ወደ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት፣ ባለ ፎቅ፣ ምንጣፍ ያለው። ደብዳቤው ጠዋት ደረሰ፤ እዚያ ቢሮ ውስጥ ዕቃቸውን እየሸከፉ ነው። እኛማ እንዴት እንሆናለን? ማን ይፈርምልናል?

ና፣ እጅህን ዘርጋ፣ አብረን ዱዓ እናድርግላቸው። ያ አላህ፣ ዕድሜና ጤና ስጣቸው። ወንበራቸውን አመቻችላቸው። ከፍ አድርጋቸው... ሰማህ ኢዘዲን? ከቢሮው ውስጥ «አሚን» ተባለ! እንግዲያ ያ አላህ፣ ከፍ፣ ከፍ፣ ከፍ አድርጋቸው... እጃቸው ማሽን ላይ እስከማይደርስ ድረስ።