ገንቦው ሳሎን፣ ሠሪዋ ደጅ

አዲስ ተማሪዎች በሚገቡበት ቀን፣ አዳማ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲያችን ግቢ ውስጥ፣ ከሴቶቹ ማደሪያ ፊት ለፊት ካለው የኒም ዛፍ ሥር ከጋሽ ዲበኩሉ ጋር ተገጣጠምን። ጡረታ እስኪወጡ የወለንጪቲ ማዘጋጃ ቤት ሹም የነበሩ ሰው ናቸው። ልጃቸው ኮከብ እኛ ጋ ስለ ደረሳት እንደ ሙሽራ አባት ሲንጎራደዱ አያቸዋለሁ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ግንባራቸውን ቋጥረው የማደሪያውን ተቆጣጣሪ፣ ፕሮክተሯን ይፈልጋሉ፤ የኮከብን አልጋ ወደ ሌላ ክፍል ለማስቀየር።

ምክንያቱን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ። የክፍል ጓደኛዋ ጉዲቱ የአርሲ ነገሌ ልጅ ናት። የአዳማን ሙቀት ሰምታ ትንሽ የውሃ ገንቦ ይዛ መጥታለች፤ ማን ሠራው ሲሏትም «እናቴ» ብላ በኩራት መለሰች። ጥፋቷ ይኸው ነው።

«መምህር፣ ሰው ንቄ አይደለም» አሉኝ። «የሸክላ ሠሪ ዓይን ክፉ ነው ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት። ልጄ ብትታመም ለእናቷ ምን እላለሁ?»

«እቤትዎ ውሃ የሚጠጡት ከምንድነው?»

«ከገንቦ ነዋ። አማረች የምትባል ሠሪ በየዓመቱ አዲስ ታመጣልናለች።»

«እርሷስ ሲጠማት በምን ትጠጣለች?»

ውሸት አይወዱምና አመኑ፤ ከበሩ ውጭ ምስማር ላይ የተሰቀለች የእርሷ ጣሳ አለች።

እኔ ደግሞ ነገር ሲከነክነኝ አፌን መያዝ አልችልም። «እንግዲህ ገንቦው ሳሎን ገብቶ ሠሪዋ ደጅ ቆማለች። ዕድሜ ልክዎን ከእጇ ሥራ ጠጥተው አልታመሙም። አሁን ያችን ጣሳ አምጥተው እኛ ግቢ ሊሰቅሏት ነው። ዛሬ ለእርስዎ አልጋ ከተቀየረ፣ ነገ አንዱ በዘር፣ ሌላው በሃይማኖት ይለምናል። ማንም ማንንም ሳይሰድብ፣ በጨዋ ልመና ብቻ ግቢው ይከፋፈላል።»

ኮከብ ከኋላችን ቆማ ትሰማ ኖሯል። «አባዬ፣ ጉዲቱ ወሬው ደርሷት ሻንጣዋን አልፈታችም። እኔ ከወጣሁ ወደ አገሯ ልትመለስ ነው። ሐኪም ልትሆን የመጣች ልጅ በእኛ ምክንያት ትቅር? ይቅርታ አድርግልኝ፣ ከዚያ ክፍል አልወጣም።»

አባቷን እያከበረች ስትሞግት ሳይ፣ የእኔ ልጅ ባትሆንም ኮራሁ። ጋሽ ዲበኩሉም የቋጠሩትን ግንባር ፈቱ። ከዚያ «ውሃ ጠማኝ፣ ጉዲቱን ጥሪያት» አሉ።

ጉዲቱ ገንቦዋን ይዛ ወጣች። ውሃውን ግን የቀዳችው በኮከብ ኩባያ ነው፤ የራሷን ወደ ጀርባዋ ደበቀች። ይህን ማን እንዳስለመዳት እዚያ የቆምን ሁሉ እናውቃለን።

«በራስሽ ኩባያ ስጪኝ፣ ልጄ» አሉ።

እስከ ጠብታው ጠጡ። «ለእናትሽ ንገሪልኝ፣ እጇ ይባረክ።»

«ገለቶማ፣ አባባ» ብላ በኦሮምኛ አመሰገነች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ አንገቷ ግን ቀና ብሎ ነበር።

ሁለቱ ልጆች ዛሬም አንድ ክፍል ናቸው፤ አንዷ ሌላዋን ኬሚስትሪ ታስጠናለች፣ ሌላዋ ውለታዋን በሒሳብ ትከፍላታለች። ፕሮክተሯም አልጋ ለማስቀየር የመጣውን ሁሉ ምክንያቱን ጮክ ብሎ እንዲናገር ትጠይቃለች፤ አብዛኛው አፍሮ ይመለሳል። በወለንጪቲም አማረች ሳሎን ገብታ በቤቱ ብርጭቆ ትጠጣለች። በዚያ ምስማር ላይ አሁን ጋሽ ዲበኩሉ ባርኔጣቸውን ይሰቅላሉ አሉ።