የጋሼ ታደሰ ትምህርተ ጥቅስ

ባለፈው እሁድ ከቸርች ስንወጣ ጋሼ ታደሰን ዌስተርቪል ቤታቸው ላደርሳቸው መኪና ውስጥ አስገባኋቸውና ሞተሩን ሳላስነሳ ስልኬ ላይ ተደፋሁ። "ምን ሆነሃል?" አሉኝ። ጡረታ የወጡ የአማርኛ አስተማሪ ናቸው፤ ፊት ያነባሉ። ነገርኳቸው። ባለቤቴን ከአገር ቤት ለማምጣት ላስገባሁት ማመልከቻ ከኢሚግሬሽን ደብዳቤ መጥቶልኛል፤ "ፋይልዎ ወደ ሌላ ቢሮ ተዛውሯል" ይላል በእንግሊዝኛ። ሦስት ቀን ሙሉ ጎግል ሳደርግ የሚመጣልኝ ዲናይ ተደርጎ ማመልከቻው ውድቅ የሆነበት ሰው ታሪክና የጠበቃ ማስታወቂያ ብቻ ነው።

"ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ ጻፍከው?" አሉኝ። "አዎ።" "ትምህርተ ጥቅስ አድርገህበታል?" ሳቄ መጣ። "ጋሼ፣ ይሄ እኮ ፈተና አይደለም!" እሳቸው ግን አልሳቁም። "እኔ ግማሹ የጠፋኝን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ የማገኘው እንደዚያ ነው። ካልከለልክለት ጎግል ቃሉን እየበታተነ ይፈልጋል፤ ከከለልክለት እንዳለ ያመጣልሃል።" ዓረፍተ ነገሩን ከፊትና ከኋላ በትምህርተ ጥቅስ ከለልኩት። መጀመሪያ የመጣው የራሱ የመሥሪያ ቤቱ ገጽ ነው፤ ቢሮ ሥራ ሲበዛበት ፋይል ይዛወራል፣ እርስዎ ምንም ማድረግ አይጠበቅብዎትም ይላል። መሪውን ይዤ አለቀስኩ።

ቤቴ ገብቼ ምሳ እንደበላሁ ቴክስት አደረግኩላቸው፦ "ጋሼ ጌታ ይባርክዎት ሦስት ቀን እምቢ ያለኝ እህል ዛሬ በአፌ ዞረ"

ወዲያው መለሱልኝ፦ "እሰይ ልጄ! አራት ነጥቡስ የታለ?"