በዕቃ ይለፍ የተባለው ስልክ

ውዱ የልጇ ቀለበት ከጣቷ ላይ አለመኖሩን ያስተዋለችው ዘግይታ ነው። የልጇ የእሌኒ ፎቶ ካገባችበት ከአምባራስ ከመጣላት ሰንብቷል። ጠዋት ከመኝታዋ ስትነሣ ታየዋለች፤ ማታ ስትተኛም ታየዋለች። የልጅቱን ግራ እጅ ግን አይታው አታውቅም። የስልኳ መስታወት ከላይ ጥጉ ተሰንጥቆ እንደ ሸረሪት ድር እየተበተነ ሲወርድ የእሌኒን እጅና ግማሽ ፊቷን ሸፍኖታል። ፊቷ ሰፋ ብሎ ሲታያት «መስታወቱ ነው ያጣመመው» ብላ ታልፈዋለች።

ውዱ ክፉ ነገር ሳይመጣ ቀድማ የምታለቅስ እናት ናት። ከእሌኒ በፊት ሁለት ልጆች ቀብራለችና ማንም አይፈርድባትም። ዝናብ ሲዘገይ ድርቅ፣ ሲመጣ ጎርፍ ይታያታል። ስልክ ሲጠራ መርዶ ነው ትላለች፤ ሳይጠራ ሲውል ደግሞ መርዶውን ደብቀውኝ ነው ትላለች።

ሐምሌ ገብቶ ጉሙ ዳባትን እንዳፈነ በዋለበት አንድ ቀን፣ ልትወልድ ለተቃረበችው ለእሌኒ የአራስ ቤት ቅቤና የአጃ ዱቄት ቋጥራ ወደ ደባርቅ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረች። ደባርቅ ገበያ የመጣ የአምባራስ ሰው ፈልጋ ስንቁን ልትልክ ነበር። መቀመጫ ስትፈልግ የጎረቤቷ የዓለምዬ ልጅ እየሩስ እጇን ይዛ ከጎኗ አስቀመጠቻት። እየሩስ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ደባርቅ ባዮሎጂ ታስተምራለች፤ ክረምቱንም የማጠናከሪያ ትምህርት ትሰጣለች። ከፊታቸው መምሬ ደርቤ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ያንቀላፋሉ።

«እትዬ ውዱ፣ እንደምን ሰነበቱ? እሌኒስ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እስካሁን አለች።»

«እስካሁን ምን ማለት ነው? ደኅና ናት አይሉም?»

«አፌን አላስለምደውም ልጄ። ደኅና ናት ባልኩ ማግስት ነው ሁልጊዜ የሚመጣው።»

መኪናው ከዳባት ወጥቶ ጥቂት እንደሄደ ከውዱ ብብት ስልኩ ጮኸ። አውጥታ አየችው። አማቿ፣ የእሌኒ ባል ያርጋል ነው። በአውራ ጣቷ ጠራረገችው፣ በነጠላዋ ጫፍ አሸችው፣ ገለበጠችው። ስልኩ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። ውዱም እንደ ልማዷ መልሳ ብብቷ ውስጥ ከተተችው።

«ለምን አላነሡትም?»

«መች ይነሣና! ማንሻው ያለው በሞተው በኩል ነው። አንዳንድ ቀን ደስ ሲለው እሺ ይለኛል። ዛሬ ኩርፊያው ነው።»

«እንደኔ በቅሎ ነዋ» አሉ መምሬ ደርቤ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«በእኔ ስልክ ልደውልለት?» አለች እየሩስ።

«አታገኚውም። አምባራስ ኔትወርክ ያለው ከጉብታው ላይ ነው። ወጥቶ ይደውላል፣ ካላነሣሁለት ይወርዳል።»

«ታዲያ ለምን አያሠሩትም? ደባርቅ መናኸሪያው አጠገብ ፀጋው የሚባል ጠጋኝ አለ። ከሰዓት በፊት ቢሰጡት ከሰዓት በኋላ ይዘውት ይመለሳሉ።»

«አላሠራውም።»

«ገንዘቡ ነው?»

«ገንዘቡስ አይጠፋም።» ውዱ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ይህ ስልክ እንዲሁ አልተሰበረም። ኅዳር ላይ ያርጋል ደውሎ ‹እሌኒ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ገደሉ አፋፍ ላይ አዳልጧት ወደቀች› ሲለኝ፣ ከእጄ ወጥቶ ደጃፌ ድንጋይ ላይ ተከሰከሰ። ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር መሆኗ ገና መታወቁ ነበር። ኋላ ሲነግሩኝ አንድ ጭረት እንኳ የለባትም! እናትሽ ራሷ መጥታ ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹ተመስገን በይ ውዱ፣ በዕቃ አለፈ› አለችኝ።»

«በዕቃ ይለፍ እኔም እላለሁ። ብርጭቆ ሲሰበር የማይል ማን አለ? ስብርባሪውን ግን ጠርገን እንጥለዋለን እንጂ ውሃ አንጠጣበትም።»

«እሱ ብርጭቆ ነው። ይሄ የልጄን ክፉ የተቀበለ ነው። የተቀበለውን ይዞ ተቀምጧል። ባሠራው፣ አዲስ መስታወት ቢገባለት፣ ያ የያዘው ክፉ ወዴት ይሄዳል? ቤቱን ያውቀዋል።»

ውዱ ይህን ስትናገር ፈገግ አላለችም። አሥረኛ ክፍል የደረሰች፣ ጋዜጣ የምታነብ፣ የሰፈሩን ሰው ማመልከቻ የምትጽፍ ሴት ናት። ሰው ግን በዕውቀቱ ልክ አይፈራም፤ የሚፈራው ባጣው ልክ ነው። ስንጥቁን እንዳይሰፋ በፕላስተር አሽጋ፣ እንደ ክታብ ብብቷ ውስጥ ይዛ የምትዞረውም ለዚህ ነበር።

እየሩስ ወደ እሷ ዞር አለችና «እስቲ ልጠይቅዎ፣ እድር አለዎት?» አለች።

«የሌለው ማን አለ?»

«የእድሩ ድንኳን ቢቀደድስ ምን ታደርጋላችሁ?»

«እናሰፋዋለና! ለቅሶ ቤት ዝናብ ሊገባ ነው?»

«ለሞተ ሰው የሚተከለውን ድንኳን ታሰፋላችሁ። በሕይወት ያለች ልጅዎ የምትጣራበትን ግን ስብራቱን እየጠበቁ ያኖሩታል።»

«ውይ! አፍሽስ ጎራዴ ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ይህንን ነው? ትልቅ ሰው መሞገት?»

«አጠፋሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ግን መልሱን አልነገሩኝም።»

በዚህ ጊዜ መምሬ ደርቤ ነጠላቸውን ከአፋቸው ገለጥ አድርገው ወደ ኋላ ዞሩ።

«ውዱ፣ ልጄ፣ መንገደኛ ቢሆንም ጆሮ አለውና ሰማሁሽ። የእኛ ደብር የጽናው ሰንሰለት ዘንድሮ ቅዳሴ መሐል ተበጠሰ። ፍሙ ተበተነ፣ ምንጣፉ ተቃጠለ፣ ሰው ግን አልነካም። ምን ያደረግነው ይመስልሻል?»

«ምን አደረጋችሁት አባቴ?»

«አንጥረኛ ዘንድ ሰደድነዋ። ክፉ ወሰደልን ብለን በጨርቅ ጠቅልለን ብናስቀምጠው በምን ይታጠን ነበር? በዕቃ ይለፍ ማለት ልመና ነው። ከዕቃ ጋር የተገባ ውል አይደለም። እግዚአብሔር ልጅሽን ለመጠበቅ ያንቺን ስባሪ መስታወት አይቸግረውም።»

«አንቱም ከእሷ ጋር ሆኑ?»

«እኔስ ከሰንሰለቱ ጋር ነኝ» አሉ፤ ተሳፋሪው ሳቀ።

ውዱ አልሳቀችም። ከብብቷ ስልኩን አውጥታ «ለማየት ለማየት እኮ ይታያል» ስትል ተከራከረች። «ይኸው ፎቶዋ። ጠዋት ማታ አያታለሁ። ምን ጎደለብኝ?»

እየሩስ ስልኩን ተቀበለች። ስንጥቁን አልፋ ለማየት አዘነበለችው፣ አልሆነም። «ወደ እኔ ልላከውና በደኅናው መስታወት አብረን እንያት» ብላ በሕይወት ባለው ጥግ በኩል እየታገለች ፎቶውን ወደ ራሷ ስልክ ላከችውና አስፍታ ለውዱ ሰጠቻት።

ውዱ አየች። ፊቷን ያሰፋው መስታወቱ አልነበረም። የእሌኒ ዓይኖች ከእብጠቱ ውስጥ እንደ መርፌ ቀዳዳ ጠበዋል። ሆዷ ላይ ያሳረፈችው ግራ እጅ እንደ ቦካ ሊጥ ተነፍቷል። ውዱ ከገዛ እናቷ ወርሳ በሠርጓ ቀን ለእሌኒ ያጠለቀችላት፣ ከዚያ ወዲህ ለማጀት ሥራ እንኳ ወልቆ የማያውቀው የብር ቀለበት የለም። በቦታው ቀይ ሰንበር አለ።

«ቀለበቷስ?» አለች ውዱ። ድምጿ ከሌላ ሰው የወጣ ይመስል ነበር። «አልበቃት ብሎ ነው። ቆርጠው አውጥተውላት ነው። ይህ ፎቶ እኮ ከመጣ ሰንብቷል…»

እየሩስ የፎቶውን ቀን አየችና ከንፈሯን ነከሰች። ነፍሰ ጡር ፊቷና እጇ ሲያብጥ ዛሬ ነገ ሳይባል ሐኪም ዘንድ መድረስ እንዳለባት ሁለቱም ያውቃሉ፤ የጤና ባለሙያዎች በየሰፈሩ እየዞሩ የሚናገሩት ነው። ውዱ ክፉን ነገር በየጓዳው ስትፈልግ የኖረች እናት ናት። እጇ ላይ ያለውን ሳታየው ቀረች።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። ያርጋል ነው። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ዘለሉበት፤ እየሩስ ሳበችው፣ ገፋችው፣ ፕላስተሩን ቦጨቀችው። አልነሣ አለ።

«ቁጥሩን! ከጉብታው ሳይወርድ!» አለች እየሩስ። ቁጥሩን ከተሰነጠቀው ላይ እያነበበች በራሷ ስልክ መታችው። ያርጋል አነሣ።

«እናቴ! ከጠዋት ጀምሬ ስወጣ ስወርድ ዋልኩ እኮ! እሌኒ ራሷን ሊፈልጣት ደርሷል፤ ዓይኗም ብዥ ይልባታል። ጤና ኬላው ዛሬውኑ ወደ ደባርቅ ትውረድ ብሏል። እሷ ግን ‹እናቴ በክረምት መንገድ እንዳትወጪ ብላኛለች፣ ሳልጠይቃት አልሄድም› አለች። ምን ላድርጋት?»

እውነት ነው፣ ብላታለች። ጎርፉንና ገደሉን ፈርታ በደወለ ቁጥር ስትለምን የኖረችው ይህንኑ ነበር።

«አስወርዳት!» ብላ ጮኸች ውዱ። «እናትሽ ውረጂ ብላለች በላት። አሁኑኑ! ተሸክማችሁም ቢሆን! ማርያምን፣ ስለ እኔ አፍ እንዳትቆይ!»

መንገዱ በናዳ ተዘግቶ ነበርና የአምባራስ ጎረምሶች እሌኒን በቃሬዛ ተሸክመው አምቡላንሱ እስከሚደርስበት አወረዷት። መንገድ ላይ አንቀጠቀጣት። ደባርቅ ሆስፒታል ስትገባ እናቷን አላወቀቻትም። ሐኪሞቹ እሷን አተረፏት። ሕፃኑ አልተረፈም። ወንድ ነበር፤ ስም አልወጣለትም።

እሌኒ ዓይኗን ገልጣ ውሃ በጠየቀች ማግስት ውዱ ከሆስፒታሉ ወጥታ በካፊያው ውስጥ ወደ መናኸሪያው ሄደች። እየሩስ ከትምህርት ቤት መጥታ አጅባታለች። ፀጋው የፕላስተሩን ቅሪት ሲልጥ ውዱ ትንፋሿን ይዛ ታየው ነበር።

«አሁንም ይፈራሉ እትዬ?» አለች እየሩስ በቀስታ።

«እፈራለሁ። እኔ ካልፈራሁማ ሞቻለሁ። የምፈራው ነገር ነው የተለወጠው።» ዓይኗን ከስልኩ አላነሣችም። «ክፉው በዕቃ አላለፈም ልጄ። ከስንጥቁ ጀርባ ተቀምጦ ነበር። እኔ ደግሞ እንዳይበርደው በፕላስተር ሸፈንኩለት።»

«ያን ቀን ባናየውስ? እሌኒን እናገኛት ነበር? እሱንም ያስቡት።»

«አስባለሁ። ልጁንም አስባለሁ። ፎቶው የመጣ ቀን አይቼው ቢሆን ብዬም አስባለሁ። ይኼኛውን ከእኔ አትውሰጂብኝ፤ ልያዘው።»

እየሩስ ክንዷን ያዘቻት። የተማረ ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባው አንድ ነገር ይህ ነው፤ ክርክር የረታ ሰው ዝም የሚልበት ጊዜ አለው።

ፀጋው አዲሱን መስታወት ገጥሞ ስልኩን አበራው። «ሳይሞክሩ አይውሰዱ እናቴ» አለ። «ርካሹ መስታወት ሲያዩት ያው ነው፣ ሳይውል ሳያድር ግን ይሞታል። ጣትዎን ከጥግ እስከ ጥግ ያሂዱበት። በሌላ ስልክም ያስደውሉና አንሥተው ይዩ። ይህን የጎማ ልብስና መከላከያ መስታወት ደግሞ አልብሼዋለሁ፤ ቢወድቅ ቀድሞ የሚሰበረው እሱ ነው።»

ውዱ ጣቷን ከጥግ እስከ ጥግ አሄደችው። የሞተ ቦታ አላገኘችም። እየሩስ ደወለችላት፤ በአንድ ንክኪ ተነሣ። ያን ጊዜ ውዱ ሱቁ በር ላይ ቆማ አለቀሰች። «ይህን ያህል ቀላል ነበር?» አለች።

እሌኒን ይዛ ዳባት ከገባች በኋላ ጎረቤት ሊያጽናና መጣ። ዓለምዬም መጣችና እንደ ወጉ «እሷ ትትረፍ እንጂ…» ብላ ጀመረች። ውዱ እጇን ያዘቻት።

«ዓለምዬ፣ አልቀየምሽም፤ በደግ ልብ ነው ያልሽኝ። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እናንተም ስሙኝ። ዕቃ ሲሰበር በዕቃ ይለፍ በሉ፤ እኔም እላለሁ። ብላችሁ ስትጨርሱ ግን ተነሥታችሁ አሠሩት። ሩቅ ልጅ ያላችሁ ስልካችሁ ዓይናችሁም ጆሯችሁም ነው። የጎጆው ጣሪያ ሲያፈስ ክረምቱ ይለፍ አትሉም። ደኅና መስታወት ቢኖረኝ እብጠቷን አይ ነበር። ያርጋልም ጉብታ ለጉብታ ሲንከራተት አይውልም ነበር። ለልጃችሁም ንገሯት፤ ሲያማት የእናቷን ፈቃድ አትጠብቅ። የእኔ ልጅ እኔን ስትጠብቅ ነው የዘገየች።»

ዓለምዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ከመካከላቸው አንዲት ሴት ከጉያዋ የራሷን ስንጥቅ ስልክ አውጥታ ለረጅም ጊዜ አየችው።

ሲመሽ ሴቶቹ አንድ በአንድ ወጡ። ያርጋል ከጉብታው ደወለ፤ ውዱ በመጀመሪያው ጥሪ አንሥታ ለእሌኒ ሰጠቻት። ባልና ሚስት ብዙ አልተነጋገሩም። ዝናቡን ጠየቀችው፤ ከብቶቹን ነገራት። ከዚያ ስልኩን ለእናቷ መለሰችና ሁለት እጆቿን ደረቷ ላይ አደረገች።

«እማዬ፣ ጡቴ አግቷል። ወተቱ እኮ አልሰማም።»

ውዱ ጨርቅ ለብ ባለ ውሃ ነክራ፣ ጨምቃ አደረገችላት። ጎኗ ተቀምጣ እስክትረጋጋ ጠበቀች።

«በሩ ክፍት ነው፤ በረደኝ» አለች እሌኒ።

ውዱ ተነሥታ ወደ ውጭ አየች። ጉሙ መንገዱን ውጦታል፤ የሚመጣ ሰው የለም። ልጇ ከውስጥ ናት። በሩን ገፍታ ገጠመችና ቁልፉን አዞረችው።